ዓመቱ የሚጀምረው በመስከረም ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

እንኳን ለ2017 አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፀጉር ቤት አለችኝ። ሁለት ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ሬዲዮ። ጋዜጣችሁን የምገዛው ለራሴ ብቻ አይደለም። ተራ የሚጠብቅ ሰው ያነበዋል፣ ይከራከርበታል፣ አንዳንዱም ጠቅልሎት ውልቅ ይላል። የእንቁጣጣሹን እትም ግን ማንም እንዳይወስድብኝ መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ልጽፍላችሁ ስለፈለግሁ ነው።

«የዓመቱ የስፖርት ክስተቶች» ብላችሁ ስላወጣችሁት ገጽ ነው የማወራው። ከላይ አደይ አበባ አለ። ከአበባው ሥር ያለው ጽሑፍ ግን ከጃንዋሪ ይጀምራል። ሪያል ማድሪድ ግማሽ ገጽ ወስዷል፣ ማንቸስተር ሲቲ ከነፎቶው ሩብ ገጽ። የማራቶን ሯጩ ታምራት ቶላ አራት መስመር ደርሶታል። ትዕግስት አሰፋ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ በማራቶን ብር አገኘች፣ አለቀ። በርሊን የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ኳስ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ያ በ89 ነጥብ ሁለተኛ የወጣው አርሰናል። ሲቲ በ91 ነጥብ አራተኛ ተከታታይ ዋንጫውን የወሰደ ሰሞን የሰፈር ልጆች ወደ ቤቴ ይመጡ የነበረው ፀጉር ሊቆረጡ ሳይሆን ፊቴን ሊያዩ ነው። ግንቦት 24 ማድሪድ ዌምብሌይ ላይ ዶርትሙንድን 2 ለ 0 ረትቶ 15ኛ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫውን ሲያነሳም ቴሌቪዥኑ ሥር ተኮልኩለን ነበር። ይጻፍ። ሌቨርኩሰን የጀርመን ሊግን አንድም ሳይሸነፍ ጨርሷል፣ ይጻፍ። ላሚን ያማል ሐምሌ 6 ቀን 17 ዓመት ሞልቶት በማግስቱ ከስፔን ጋር የአውሮፓ ዋንጫን ወስዷል፣ እሱም ይጻፍ። የራሳችን ንግድ ባንክ ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ የለ እንዴ? እሱን ግን አላየሁትም።

ነገሬ ሌላ ነው። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ብትቆጥሩት ኖሮ፣ 2016 በአንዲት ሴት ተጀምሮ በዚያችው ሴት ማለቁን ታዩት ነበር። ከጃንዋሪ ስትጀምሩ ግን ታሪኩን ወገቡ ላይ ቆረጣችሁት። እኔ ፀጉር ከመሃል ጀምሬ ብቆርጥ ሰው ይከፍለኛል?

መስከረም 13 ቀን እሁድ ነበር። ያኔ እኛ ዘንድ ስልክ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም። ወሬ የምንሰማው በሬዲዮ ነው። ዜና አንባቢው ትዕግስት አሰፋ በርሊን ማራቶን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገባች ሲል ማሽኑን አጠፋሁት። ወንበሩ ላይ የነበረው ሰውዬ «ተሳስቶ የወንዶቹን አንብቦ ነው» አለ። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ቀጣዩ ዜና ላይ ያንኑ ሰዓት ደገመው። የኬንያዊቷ የብሪጊድ ኮስጌይ ክብረ ወሰን 2:14:04 ነበር። ትዕግስት ከዚያ ላይ 2 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ነው የቀነሰችው። እንዲህ ያለ ሰዓት እኮ በአብዛኛው በሰከንድ ነው የሚሸራረፈው። ይህችው ልጅ በፈረንጆቹ 2016 (ቁጥሩ ተመሳስሎ ነው፣ አልተሳሳትኩም) ሪዮ ላይ በ800 ሜትር ተወዳድራ በማጣሪያው የቀረች ናት። ከሁለት ዙር ሯጭነት ተነስታ ነው 42 ኪሎ ሜትሩን እንዲህ ያደረገችው።

በጃንዋሪ አቆጣጠር ይህ ሁሉ «ያለፈው ዓመት» ነው። ስለዚህ ከገጻችሁ ወጣ።

አብሮት የወጣ ሌላም አለ። ጥቅምት 25 ታምራት ቶላ ኒውዮርክን በ2:04:58 የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ይህን ካልጻፋችሁ የፓሪሱን ነገር ማን ይረዳዋል? ኒውዮርክን ያሸነፈ፣ ከዚያ በፊትም ዩጂን ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ለፓሪስ የተያዘው በተጠባባቂነት ነበር። አሰልጣኞቹን ለመውቀስ አይደለም። ሲሳይ ለማ ቫሌንሲያ ላይ 2:01:48 ሮጧል፣ ቦስተንንም አሸንፏል። ቀነኒሳ ለንደን ላይ ሁለተኛ ወጥቷል። ማንን ትተህ ማንን ትይዛለህ? ሲሳይ ሲጎዳ ታምራት ገባ። የገባውም የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ነው።

ነሐሴ 4 ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተነሱ። የፓሪሱ መንገድ ወደ ቬርሳይ ሄዶ የሚመለስ ነው፣ ዳገቱ ደግሞ ለጉድ። ከፒያሳ ወደ ጎሃ ሆቴል በእግሩ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ልዩነቱ እኛ መሃል ላይ ቆም ብለን ከተማውን እናያለን። ታምራት ዳገቱ ላይ ሰዉን ትቶ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ የያዘው የለም። 2:06:26፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ ድል ወዲህ በወንዶች ማራቶን የመጀመሪያው ወርቃችን ነው። ኪፕቾጌ አቋርጦ ወጣ። ቀነኒሳ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። 42 ዓመቱ ነበር፣ 42 ኪሎ ሜትሩን ግን አልተወውም። ከደንበኞቼ አንዱ «ለቀነኒሳም ጭብጨባ!» ብሎ ብድግ ሲል የተላጨበትን ሳሙና ግድግዳዬ ላይ ረጨው።

በማግስቱ እሁድ ነው ዋናው።

ዝናብ ነበር። ፍልሰታ ስለነበር ሰዉ ከቅዳሴ መልስ ነው የመጣው። አንዲት እናት ነጠላቸውን እንዳጣፉ የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገቡ፤ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። «ቶሎ በልልኝ ልጄ፣ ቤት ሰው ይጠብቀኛል» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ጀመርኩ። የልጁን የግራ ጎን ጨርሼ ወደ ቀኝ ስዞር ውድድሩ መጨረሻው ደረሰ። ትዕግስትና ሲፋን ሐሰን ብቻቸውን ቀሩ። ከዚያ በኋላ ማሽኑ የት እንደነበር አላስታውስም። በመጨረሻው መታጠፊያ ሲፋን በውስጥ በኩል ልታልፍ ስትል ተገፋፉ፣ ክርን ለክርን ተነካኩ። ሲፋን አምልጣ ሄደች። 2:22:55። ትዕግስት 2:22:58።

ሦስት ሰከንድ። ሦስት ሰከንድ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ «ትዕግስት አሰፋ» ብላችሁ ቀስ ብላችሁ ሁለት ጊዜ ጥሩ።

ፀጉር ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ገፍታታለች፣ ይሰረዝባታል» አለ። ሌላው «ሩጫ ነው፣ ሠርግ ቤት አይደለም» አለ። ቡድናችን ተቃውሞ አቅርቦ ውድቅ ተደረገ። ያ ሁሉ ሲሆን እማማ ዝም ብለው ነበር። ኋላ ላይ «ያችኛዋስ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁ። አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት ሆላንድ የገባች መሆኗን ነገርኳቸው። 5 ሺህና 10 ሺህ ሮጣ ሁለት ነሐስ ካገኘች በኋላ ነው ማራቶን የቆመችው አልኳቸው። «እንግዲያ ሁለቱም ደክመዋል» አሉና ልጁን እጁን ይዘው ወጡ። የቀኝ ጎኑ ሳይቆረጥ። ሮጬ ደጅ ላይ ነው የደረስኩባቸው።

እናንተ ይህንን «ብር አገኘች» ብላችሁ አለፋችሁት። አንድ ወርቅና ሦስት ብር «ዝቅተኛ ውጤት» ነው ያላችሁበትም ቦታ አለ። ቶኪዮ ላይ እኮ አንድ ወርቅ፣ አንድ ብርና ሁለት ነሐስ ነበር። ብሮቹ እንዴት እንደመጡ ብታዩ ደግሞ ሌላ ነው። በሪሁ አረጋዊ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ከወሰደው ከኡጋንዳዊው ቼፕቴጌ ያነሰው በሰከንድ 30 መቶኛ ነው። ጽጌ ዱጉማ በ800 ሜትር ብር አመጣች፤ መቼም 800 ሜትር የእኛ ርቀት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ለሜቻ ግርማ ነሐሴ 1 ቀን በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ፍጻሜ የመጨረሻው ዙር ላይ ወድቆ በቃሬዛ ወጣ። የርቀቱን የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው እዚያው ፓሪስ ውስጥ ነበር። ያን ቀን ማንም ስለ ሜዳሊያ አላወራም። «ነቃ ወይ?» ነበር ጥያቄው። ስለ ለሜቻ አንድም መስመር የለም።

ከእኛ ውጪም ቢሆን ዓመቱ በአንድ ሌሊት ያሳየን ጉድ አለ። የካቲት 3 እሁድ ማታ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። አይቮሪኮስት በገዛ ሜዳዋ በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸንፋ፣ አሰልጣኟን አሰናብታ፣ በምርጥ ሦስተኛነት ተንጠልጥላ ያለፈች ቡድን ናት። ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸነፈች። የማሸነፊያውን ጎል ያገባው ሴባስቲያን አለ ነው፤ ካንሰር ታሞ የዳነ ሰው። እኛ በደስታ ስንጮህ፣ ያንኑ ሌሊት የማራቶን ሯጩ ኬልቪን ኪፕተም ኬንያ ውስጥ ከአሰልጣኙ ጋር በመኪና አደጋ ሞተ። ገና 24 ዓመቱ። ቺካጎ ላይ መስከረም 27 የሮጠው 2:00:35 በይፋ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ከጸደቀለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጠዋት ፀጉር ቤቱን ስከፍት አንድ አዘዞ የሚኖር ልጅ፣ ራሱም የሚሮጥ፣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፀጉር ሊቆረጥ አልነበረም የመጣው። ሬዲዮውን እንድከፍትለት ነው።

ጎንደር የኳስ ከተማ ናት። ፋሲል ከነማ በ2013 ሻምፒዮን ሲሆን ይህች ፒያሳ ምን እንደመሰለች ያየ ያውቃል። አሁን ግን አጼዎቹንም የምናያቸው ሌላ ከተማ ሲጫወቱ በቴሌቪዥን ነው፣ እንደ ማድሪድ ማለት ነው። ስለዚህ ሩቅ ያለውን ስፖርት በስክሪን ማየት ለምደናል፣ በዚያ አልወቅሳችሁም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የ2017ን ዓመት ስታጠቃልሉ ከመስከረም 1 ጀምሩልን። ጃንዋሪ የገባ ቀን እኛ ገናን እየጠበቅን ጾም ላይ ነን።

ለዚህኛው ዓመት መጀመሪያው ደርሷል። የበርሊን ማራቶን መስከረም 19 ነው፣ ከመስቀል በኋላ ያለው እሁድ። ማን እንደሚያሸንፍ እንጃ። ፀጉር ቤቴ ያን ዕለት ክፍት ነው። ደንበኞቼም ይህችን ደብዳቤ ካወጣችኋት አንብበው እንዲያውቁት፣ ሯጮቹ እስኪገቡ ድረስ ፀጉር አልቆርጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
ፀጉር አስተካካዩ፣ ጎንደር ፒያሳ