«የደረሰ ጉዳት የለም» የተባለው ግጦሹን ማን አይቶ ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ስለፈነዳው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብበናል። የአመዱ ደመና 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ሽቅብ መውጣቱን፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን መድረሱን፣ በሕንድ በረራ መሰረዙን ሳይቀር ጽፋችኋል። ከተራራው አጠገብ ላለችው አፍዴራ የተረፈው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «በሰውም ሆነ በእንስሳት ላይ የደረሰ ጉዳት የለም።» የሕንድ መንገደኛ መጉላላቱ ዜና ሲሆን፣ አመዱ አናቱ ላይ የወረደበት አርብቶ አደር በአንድ መስመር መታለፉ በእንስሳት ጤና ለምንሠራ ሰዎች ያማል። ያቺ መስመርም ስህተት ናት።

ዘጋቢያችሁ ጉዳትን የለካው በማግስቱ ሞቶ የተገኘ ፍየል አለ ወይ በሚል ብቻ ነው። የእሳተ ገሞራ አመድ ግን እንደ ምድጃ አመድ አይደለም፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ የደቀቀ ድንጋይና ብርጭቆ ነው፣ ውሃ አያሟሟውም። ከሣሩ ጋር ሲጋጥ ጥርስ ይሞርዳል፤ ትልቁ ጨጓራ ውስጥ እየተከማቸ መፈጨትን ያውካል፣ እንስሳውም መብላት እየተወ ይከሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አይታይም።

የባሰው ደግሞ በዓይን የማይታየው ነው። ከፍንዳታው ጋዝ የሚመጣ፣ ሲበዛ የሚመርዝ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር በአመዱ ቅንጣት ላይ ይለጠፋል። ቅንጣቱ በደቀቀ መጠን የሚሸከመው ይበዛል፤ ስለዚህ ሣሩን በስሱ ብቻ ያለበሰ አመድ ከወፍራሙ የከፋ ሊሆን ይችላል። ደረቅ ሣር በኪሎ ከ250 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ ከያዘ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ከዚያ ያነሰው ቀስ እያለ ጥርስ ያበልዛል፣ አጥንት ያሳብጣል፣ ከብቱን አንካሳ ያደርጋል። የስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ይህን ፍሎራይድ ከጉድጓድ ውሃ፣ በልጆቹ ጥርስ ላይ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1783 በአይስላንድ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከአገሪቱ ከብት ከግማሽ በላይ አለቀ፤ በተከተለው ረሃብ ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው ገደማ ሞተ። ላቫ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ደርሶባቸው አይደለም። በማግስቱ የሄደ ጋዜጠኛ እዚያም «ጉዳት የለም» ብሎ ይመለስ ነበር።

ስለዚህ የሃይሊ ጉቢ አመድ ሳይመረመር ማንም እንዲህ ሊል አይችልም። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ዋናው ፍጥነት ነው፣ ዝናብ ከነካው ፍሎራይዱ ታጥቦ ውጤቱ ያሳስታል። አመዱ በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት ይሰበሰባል፤ 1 ግራሙ በ20 ሚሊ ሊትር ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃ ለአንድ ሰዓት ይናጣል፤ ተጣርቶ የወጣው ውሃ ፍሎራይዱ ይለካል። ሣሩም ታጭዶ ለብቻው ይመረመራል።

ለሕዝቡ የሚጠቅም ነገር መጻፍ ይቻል ነበር። መንጋውን አመድ ወዳልነካው ግጦሽ ማዛወር ይቀድማል። ያ ካልተቻለ ተከድኖ የቆየ መኖ መስጠት፣ ለግመልና ለፍየል የሚቆረጠውን ቅጠል አጥብቆ ማራገፍ ያስፈልጋል። የውሃ ገንዳ ይሸፈናል፤ አመድ የገባበት ተደፍቶ፣ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ አመዱ ዘቅጦ ውሃው ኩልል ሲል የጸዳ ይመስላል፣ የሟሟው ፍሎራይድ ግን እዚያው አለ።

«ከ12 ሺህ ዓመት እንቅልፍ ነቃ» የሚለው ርዕሳችሁም መታረም አለበት። ተመዝግቦ የታወቀ ፍንዳታ አልነበረም ማለት ተራራው ተኝቶ ነበር ማለት አይደለም፤ አካባቢው ገና በወጉ አልተጠናም።

እርምቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ እንዲወጣ እንጠይቃለን። ዘጋቢያችሁም ተመልሶ ይሂድና የትኛው ግጦሽ አመድ እንደለበሰ፣ ናሙና ማን እንደወሰደና ውጤቱ የት እንዳለ፣ አገር የሚበላው ጨው በሚመረትባቸው የአፍዴራ ኩሬዎች ላይም አመድ ወርዶ እንደሆነ ይጠይቅልን። የከብቶቹንም አፍ አስከፍቶ ጥርሳቸውን ይይ።