ጉዳዩ፦ የሐሙስ የጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜን ይመለከታል

አዳማ፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ውድ ወላጆች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለተገጣጠሙ ለሁላችሁም መልካም ጾም። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካርድ ያልወሰዳችሁ መጥታችሁ ውሰዱ። በሩ ጠዋት 2፡00 ላይ ይዘጋል። የቤተ ሙከራው ጣሪያ ተጠግኗል።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ትናንት ሐሙስ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ 10ኛ «ለ» ገብቼ ነበር። ጂኦግራፊ ነው። ከ52 ተማሪዎች 31 ቆጠርኩ። የቀሩትስ ብዬ ስጠይቅ የክፍሉ አለቃ 21 የፈቃድ ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ስምንቱ «የቤተሰብ ጉዳይ» ይላሉ። አምስቱ «ሕመም»። ሰባቱ «የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ»። አንድ ክፍል፣ አንድ ሐሙስ፣ ሰባት ጥርስ። አንድ ወላጅ ብቻ «ሒሳብ አስጠኚ ስላለው» ብለው ጽፈዋል። እውነቱን ስለጻፉልን ከልብ አመሰግናቸዋለሁ።

ፊርማውን ልጆቹ ፈርመውት ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እሱን ለምደነዋል፣ አያያዙንም እናውቅበታለን። የከበደን ፊርማው የእናንተ መሆኑ ነው።

የምትሉኝን አውቀዋለሁ። ግማሹን በስልክ፣ ግማሹን በር ላይ ሰምቼዋለሁ። «የሚያዋጣው ሒሳብና ፊዚክስ ነው» ትላላችሁ። አልተከራከርኩም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማ ወላጅ ቢደነግጥና አስጠኚ ቢቀጥር አልፈርድበትም። እኔም ልጆች አሉኝ። ግን አስጠኚው ከ10፡00 በኋላ አይገኝም? ቅዳሜስ? ከሳምንቱ ሰዓት ሁሉ እሱ የሚመቸው የእኛ የሐሙስ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው?

«የእኔ ልጅ ናቹራል ነው የሚገባው» የምትሉም አላችሁ። ይግባ። ምርጫው ግን 11ኛ ክፍል ላይ ነው። 9ኛና 10ኛ ላይ ሁሉም ሁሉንም ይማራል፤ ውጤቱም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይሰፍራል። አንድ አባት ደግሞ «ልጄ ሐኪም ነው የሚሆነው፣ ወንዝ ቆጥሮ ምን ሊያደርግ?» አሉኝ። በትህትና ነው የሰማኋቸው። መልሱን ግን ቢሮ ውስጥ ስላልጨረስኩት እዚህ ልጨርሰው።

ጥርስ ካነሳችሁ አይቀር በጥርስ እንነጋገር። ከመካከላችሁ ወንጂ ያደጋችሁ ብዙ ናችሁ። ጥርሳችሁ ቡናማ የሆነም አላችሁ። ልጅ ሳላችሁ «ጥርስህን አትፍቅም እንዴ?» ተብላችሁ ይሆናል። መፋቂያው ምንም አላጠፋም። የስምጥ ሸለቆ አለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ እያሟሟ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። በወንጂ የድሮ ጉድጓዶች የተለካው ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር። ልጅ ሲጠጣው ጥርሱ ይበልዛል። ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ጀርባ ያጎብጣል። ይህን የሚያስተምረው ጂኦግራፊ ነው። እንግዲህ ሐኪሙ ልጃችሁ በሽተኛው የየት አገር ውሃ እንደጠጣ ሳይጠይቅ ሊያክም ነው?

«ጂኦግራፊ ሽምደዳ ነው» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም ይበዛል። በእናንተ ጊዜ ነበር። በእኔም ጊዜ ነበር። ዋና ከተማ፣ ረጅም ወንዝ፣ ትልቅ ሐይቅ፣ በቃ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ዓመትም አንድ ክፍል ሦስት ሳምንት ሙሉ የአፍሪካን ካርታ ቀለም ሲቀባ ከርሟል። ቅሬታችሁ ትክክል ነበር፤ ከመምህሩ ጋር ተነጋግረናል፤ ቀርቷል። የታተመ መጽሐፍ እንደ ልብ አለመኖሩንም አልክድም። በስልክ የሚነበብ ቅጂ መጽሐፍን አይተካም። ይህ ሁሉ ግን ልጁን ከክፍል ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም። የጎደለ ነገር ካለ እንድንሞላው ጠይቁን።

ስለራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ብዙም አያኮራም። መምህር ሳለሁ በታኅሣሥ አንድ ቤት ተከራየሁ። ግቢው ሰፊ፣ ኪራዩ ርካሽ። ሰፈሩ ዝቅ ያለ መሆኑን አይቻለሁ፤ ግን በበጋ ማን ያስበዋል? ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ውሃው በር ሳያንኳኳ ገባ። ፍራሼ ተንሳፈፈ። መጽሐፎቼም የጂኦግራፊ የትምህርት ዕቅዴን አስከትለው ዋኙ። ያኔ ስድስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነበርኩ። ሰሌዳ ላይ የመሬት ከፍታ የሚያሳይ ኮንቱር መስመር እየሳልኩ የምተኛበትን ቤት ከፍታ አላየሁም። እስካሁን ድረስ ባለቤቴ ታነሳብኛለች።

አዳማ ጎድጓዳ ሳህን ማለት ናት። ዙሪያዋ ጋራ ነው። ዝናቡ ጋራው ላይ ይጥላል፣ ውሃው ወደ እኛ ይወርዳል። ጋራው ሲራቆት ፍጥነቱ ይጨምራል። ከታች አስፋልትና ቆርቆሮ ሲበዛ የሚሰርግበት አፈር ያጣል። በየክረምቱ የሚያስለቅሰን ጎርፍ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወላጅ ከከተማው ዳር ቦታ ሊገዙ መሆኑን በደስታ ነገሩኝ። «ለጥ ያለ ነው፣ አሸዋማ ነው፣ ለመሠረት ቁፋሮ አያስቸግርም» አሉኝ። ለጥ ያለውን አሸዋ እዚያ ማን አመጣው? ተሸክሞ ያመጣው ውሃ ነው፤ መንገዱን ደግሞ አይረሳም። ልጃቸው 9ኛ ክፍል ናት። ይህን ጥያቄ ልትመልስላቸው ትችል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ግን አትገኝም።

ዓምናን አስታውሱ እስቲ። በታኅሣሥና በጥር ፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ እኛም ዘንድ መብራቱ እየተወዛወዘ ስልኬ ሲጮህ ያድር ነበር። «ልጆቹን እንላክ ወይስ እናስቀር?» «እሳተ ገሞራው እዚህ ይደርሳል?» ቲክቶክ ላይ አንዱ ከተማዋ ልትሰምጥ ነው ይላል፣ ሌላው ቀኑን ይቆርጣል። ያኔ የጠየቃችሁት የሒሳብ መምህሩን አልነበረም። የጂኦግራፊ መምህራችን በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ከሥር ቅልጥ አለት አለቱን እየሰነጠቀ መንገድ ሲከፍት መሬቱ እንደሚናወጥ ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ስሎ አስረዳ። ስምጥ ሸለቆው በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ እንደሚሰፋም ነገራቸው፤ አንዲት የምስር ፍሬ ታህል። ልጆቹ ቤት ገብተው ለእናንተ አስረዱ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ደውላችሁ «ልጄ አረጋጋኝ» ብላችሁኛል። እኔ አልረሳሁም።

«ካርታ እንደሆነ ስልክ ላይ አለ» የሚል አይጠፋም። አለ። በጅቡቲ መስመር የምትነዱ ወላጆች ግን መተሐራ አጠገብ ያለውን የበሰቃ ሐይቅ ታውቁታላችሁ። በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ40 አልፏል። አስፋልቱንም የባቡር ሐዲዱንም ተፈታትኗል። ስልኩ መንገዱ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ውሃው ለምን እንደመጣ አይነግራችሁም።

ደግሞ «ዳይሬክተሩ ራሱ የጂኦግራፊ መምህር ስለነበረ ያዳላል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ነበርኩ። 14 ዓመት። የኬሚስትሪ ክፍል ባዶ ቢሆን ኖሮም ይህንኑ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። እርግጥ ምናልባት ትንሽ ያጥር ነበር።

ስለዚህ ከመጪው ሐሙስ መጋቢት 10 ጀምሮ በወረቀት ብቻ የሚመጣ ፈቃድ አንቀበልም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በአካል መጥቶ ልጁን ይወስዳል። ያለ በቂ ምክንያት በቀረበት ቀን የተሰጠ የክፍል ሥራ ነጥብ አይካካስም። «ጨከናችሁ» ትሉናላችሁ። ከመስከረም ጀምሮ በወላጅ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ለምነናል።

ቅዳሜ መጋቢት 19 ጠዋት ደግሞ ልጆቹ ከመምህራቸው ጋር በእግር ወጥተው ከከተማው ዳር ያለውን የጎርፍ ቦይ ይለካሉ። ስፋቱንና ጥልቀቱን በሜትር ወስደው በራሳቸው እጅ ካርታ ይሠራሉ፤ 1 ሴንቲ ሜትር ለ5 ሜትር። ሽርሽር አይደለም። ክፍያ የለውም። «ስንት ልታስከፍሉን ነው?» የሚል ስልክ ከወዲሁ ስለደረሰኝ እደግመዋለሁ፦ ክፍያ የለውም። ውሃና ኮፍያ ብቻ ይያዙ። ወላጅ መምጣት ከፈለገ ደስ ይለናል፤ በተለይ ቦታ ልትገዙ ያሰባችሁ።

አንድ ቅሬታችሁን ግን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ። «የቀኑ መጨረሻ ላይ፣ ልጁ ደክሞት ሳለ ያስቀመጣችሁት እናንተው ናችሁ» ብላችኋል። እውነት ነው። ፕሮግራሙን ያወጣነው እኛ ነን፣ ጥፋቱም የእኛ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ ጂኦግራፊ ረቡዕ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ይሆናል። የጥርስ ክሊኒኮች ረቡዕም ክፍት እንደሆኑ እናውቃለን።

ጥርሱን በእውነት የታመመ ልጅ ካለ ግን የክሊኒኩን ካርድ ይዞ ይምጣ። በየትኛውም ክፍለ ጊዜ በሩን እኔ ራሴ እከፍትለታለሁ።

እባካችሁ ከታች ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ መልሱልን።

ከሰላምታ ጋር፣

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፦
የወላጅ/የአሳዳጊ ፊርማ (የልጁ ያልሆነ) ____________