የኮምቦልቻን ባቡር በሲሙሌተር ለመሥራት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ወገኖች! ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ውጭ አገር፣ ለዚህ ሥራ እንፈልጋችኋለን። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር በሲሙሌተር፣ ማለትም ባቡር መንዳትን በኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም ውስጥ ልንሠራው ተነስተናል።

እውነተኛው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ሁሉንም ባንዴ ብንነካካው መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ያለውን አሳምረን እንጀምራለን።

ሶፍትዌሩ ገንዘብ አያስወጣም። ባቡሩን የምንነዳበት ኦፕን ሬይልስም፣ ቤቱንና ድልድዩን የምንቀርጽበት ብሌንደርም ነጻ ናቸው። የተራራውና የሸለቆው ቅርጽ በ2000 እ.ኤ.አ. ከጠፈር በራዳር ከተለካ መረጃ ይገኛል። ይሄም በነጻ ነው። ግን መረጃው በየ30 ሜትሩ አንድ የከፍታ ነጥብ ብቻ ነው የሚሰጠው። የመስመሩ ግንባታ ደግሞ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። ለሐዲዱ ተብሎ የተቆረጠው ኮረብታ፣ የተደለደለው አፈር፣ አንዱም እዚያ ውስጥ የለም። እንዲሁ ብንተወው ሐዲዱ አንዱ ጋ መሬት ውስጥ ይሰምጣል፣ ሌላው ጋ አየር ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ቦታው ድረስ መሄድ ግድ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ሆነን ፎቶ እናነሳለን፣ ከሳተላይት ምስል ጋር እናመሳክራለን። የማሽላው ማሳ፣ ግራሩ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የቦርከና ወንዝ በክረምት ሲሞላ የሚይዘው መልክ፣ ሁሉም መግባት አለበት። የአገሬው ልጅ ከፍቶ መንገድ ላይ ያለችውን ከተማ ሲያይ «ይሄማ ሐርቡ ነው!» ካላለ ሥራው አልተሠራም ባይ ነኝ።

ገንዘቡ በዋናነት ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ላለው አንድ ኮምፒውተር ነው። የቀረው ለትራንስፖርትና ለሃርድ ዲስክ ይውላል። ኮምፒውተሩ የማንም የግል ንብረት አይሆንም። ደሴ ላይ ይቀመጣል፣ በብሌንደር መቅረጽ መማር የሚፈልግ ወጣትም ይለማመድበታል። ሂሳቡ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀሳል። ደረሰኙን በየወሩ ለሰጠ ሁሉ እናሳያለን። ሥራው ሲያልቅም ማንም በነጻ ይወስደዋል።

50 ብርም ትልቅ ነገር ነው። ገንዘብ ያልተመቻችሁ ፎቶ ላኩልን። በተለይ መስመሩ ሲገነባ የሠራችሁ፣ ኩርባውንና ዳገቱን፣ የጣቢያውን አሠራር ብትነግሩን ከብር በላይ ነው። ለማዋጣት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ የሂሳብ ቁጥሩን እንልክላችኋለን።