በራስህ ላይ እንዳትሞክረው፦ ደብዳቤ ለልጄ

ጎንደር፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ ለይትባረክ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔም ማሕሌትም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፋሲካን ያላንተ ዋልን፤ ዶሮውም ዳቦውም ነበረ፣ ወንበርህ ግን ባዶ ነበር። በስልክ ልነግርህ የምችለውን በወረቀት ያደረግሁት፣ በስልክ ሲሆን «እሺ እማዬ» ብለህ እንደምታልፈኝ ስለማውቅ ነው። ማሕሌት ሁሉን ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፤ ፊቷን አይቼ እኔው ነኝ ያወጣጣኋት። «ሌሊት ጎኔን ሲለበልበኝ አድሮ፣ ጠዋት ላብራቶሪ ገብቼ ብልቃጡ ውስጥ ያለውን ዱቄት ሳይ፣ ከአይጡ በፊት እኔ ብቀምሰውስ እላለሁ» ብለሃታል። እየሳቅህ ነው የነገርካት አሉ። እኔ 31 ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሴት ነኝ፤ ሕመም ያለበት ሰው እየሳቀ የሚናገረውን ነገር ከማንም በላይ ማመን እንዳለብኝ ከታካሚዎቼ ተምሬአለሁ። ልጄ፣ ያን የምትሠራውን ገና ያልተፈተነ የሕመም መድኃኒት በራስህ ላይ እንዳትሞክረው።

ሕመምህን አቃልዬ አይደለም። አልማዝ ባለ ጭራ ሽፍታው ደርቆ ከወደቀ በኋላ ነርቡ ላይ የሚተወው እሳት ምን እንደሚመስል፣ ሸሚዝ ሲነካቸው የሚጮኹ ትልልቅ ሰዎችን አስታምሜ አይቻለሁ። ለጥምቀት መጥተህ ታቦቱን ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ስንሸኝ፣ ነጠላህን ከግራ ጎንህ እያራቅህ በሁለት ጣትህ ይዘህ ስትሄድ ከኋላህ ሆኜ ሳይህ ነበር። ያን ቀን ምንም አላልኩህም፤ አሁን ግን ዝም አልልም።

የምትሠራውን ሥራም አልንቅም። ሰፈር ውስጥ «ልጅሽ አሜሪካ ሄዶ ሐሺሽ ይሠራል አሉ» ያለችኝን ሴት ቡና ላይ አስቀምጬ እንዳስረዳኋት ማሕሌት ትመሰክራለች። ያስረዳኋት አንተ በወንፊት ያሳየኸኝን ነው። ትዝ ይልሃል? ሊጥ ልታቦካ ከተቀመጠችው እኅትህ ወንፊቱን ተቀብለህ፣ ዱቄቱ ላይ አንድ እፍኝ ገብስ በትነህ ነፋህልን። ዱቄቱ ወርዶ ገብሱ ከላይ ሲቀር፣ «አንጎልን ከደም የሚለየው አጥርም እንዲህ ነው፤ እኛ የምንፈልገው እንደ ገብሱ የሚቀረውን ነው» አልክ። በሴንት ሉዊስ ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ባለፈው ዓመት ኔቸር ላይ ያወጡትን ጥናትም የነገርከኝ ያን ጊዜ ነው። የሠሩት ካናቢኖይድ፣ ማለት ሐሺሽ ውስጥ ካለው ጋር የሚመሳሰል ንጥረ ነገር፣ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚሸከም ያንን አጥር እንደ ልቡ አያልፍም፤ ካናቢኖይድ የሚያርፍበት ሲቢ-1 የተባለ የሕዋስ ተቀባይ አለ፤ እርሱ ላይ ተደብቆ በሚኖር ኪስ ውስጥ ይገባል፤ አይጦቹም መድኃኒቱን ሳይላመዱት ሕመማቸው ቀለለ። ስታወራ ዓይንህ ያበራ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ። ይሁንና ልጄ፣ ያ የተነገረው ስለ አይጥ ነው። አንተ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ደግሞ የእነርሱ እንኳ አይደለም፤ ገና ስም ያልወጣለት፣ አጥሩን ይለፍ አይለፍ ያልታወቀ ነገር ነው።

«እንደ ሞርፊን ትንፋሽ አያቆምም፤ ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ክፍል እነዚህ ተቀባዮች ጥቂት ናቸው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ትንፋሽ ብቻ አይደለም ሰው የሚገድለው። የሐሺሹ ቅጠል ውስጥ ያለው የሚያሰክረው ንጥረ ነገር፣ ቲኤችሲ፣ ተቀባዩን በከፊል ብቻ ሲቀሰቅሰው፣ ከሰው ሠራሽ ካናቢኖይዶቹ ብዙዎቹ እስከ መጨረሻው ድረስ እንደሚቀሰቅሱትና፣ የሚጥለው መንቀጥቀጥ፣ የልብ መዛባትና የአእምሮ መቃወስም ከዚያ እንደሚመጣ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ጆን ሃፍማን የሚባሉት ፕሮፌሰር በደቡብ ካሮላይና ተቀባዩን ለማጥናት ብለው የሠሩት ጄደብልዩኤች-018 የተባለ ካናቢኖይድ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 ጀርመን ውስጥ «ስፓይስ» ተብሎ በሚሸጥ ቅጠል ላይ ተረጭቶ ተገኘ። ሰውየው ለምርምር የሠሩትን ነገር ወጣቶች አጨሱት። በ2016 ደግሞ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ሠራሽ ነገር አጭሰው በአንድ ቀን 33 ሰዎች መንገድ ላይ ፈዝዘው ተገኙ።

እነዚያ የመንገድ ናቸው ብትለኝ፣ በሬንስ ከተማ የሆነውን ልንገርህ። በዚያው በ2016 ጥር ላይ፣ እኛ ጥምቀትን ስንጠብቅ በነበረበት ሰሞን፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሐኪም ቆሞላቸው፣ መጠኑ ተለክቶላቸው፣ ፈቃዳቸውን ፈርመው መድኃኒት ከወሰዱ ጤነኛ ሰዎች ስድስቱ ሆስፒታል ገቡ፤ አንዱም ሞተ። ያ መድኃኒት ተቀባዩን እንኳ በቀጥታ የሚነካ አልነበረም፤ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ካናቢኖይድ፣ አናንዳማይድን፣ የሚሰብረውን ኢንዛይም የሚገታ ነበር። ከእነርሱ በፊት አነስ ያለ መጠን የወሰዱት አልተጎዱም። ጉዳቱ የመጣው መጠኑ ከፍ ተደርጎ ለተከታታይ ቀናት ሲሰጥ ነው። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን አልነበሩም፤ አንተ ግን ማታ፣ በሩን ዘግተህ፣ ብቻህን ነው የምትሆነው። እንዳትሞክረው ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። በ1992 ዓ.ም. ፍልሰታ ላይ አያትህ እማሆይ ሲያርፉ አንተ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርክ፤ «አያቴ ተኝታ ነው» እያልክ በእግርህ ጣት ትሄድ ነበር። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ለሌሊት የሚሆን አራት አምፑል ፔቲዲን የተባለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ አዝዞላቸው እኔው ቤት አመጣሁት። ሁለቱን ወጋኋቸው። ሦስተኛውን ሲለምኑኝ ከለከልኳቸው። «እማ፣ ይለመድብሻል» አልኳቸው፤ በሳምንት ውስጥ ለሚያርፉ ሰው ይለመድብሻል አልኩ! በትምህርት ቤትም በሥራም ስለ ሕመም ከተነገረኝ ይልቅ ስለ ሱስ የተነገረኝ ይበልጥ ነበርና ፈራሁ። እማሆይ እንደ ገና አልለመኑኝም። እናንተ ልጆቹ እንዳትነቁ የነጠላቸውን ጥለት በጥርሳቸው ነክሰው አነጉ፤ ሲነጋ ጨርቁ ላይ የጥርሳቸው ፋና ነበረ። ከአርባቸው በኋላ ሁለቱን አምፑል ወስጄ መዝገቡ ላይ «ተመላሽ፣ 2» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ያቺን መስመር ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አነባታለሁ። ነጠላውን ለማንም አልሰጠሁም፤ ሳጥኑ ሥር ነው ያለው።

ስለዚህ የሕመም መድኃኒት ለሰው እንዲደርስ የሚደክም ልጅ ስላለኝ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ሥራውን ተው አላልኩህም፤ ማንም ተው ቢልህ እኔ እሟገትልሃለሁ። አይጡ ከጋለው ብረት ላይ እግሩን የሚያነሳበትን ሰከንድ ቁጠር፣ ካልሆነ እንደ ገና ቁጠር፣ ከዚያ ለሚመለከተው አሳልፈህ ስጥ። ቀድሞ የሚቀምሰው ሰው ግን አንተ አትሁን። እኔ ፈርቼ ያጠፋሁትን አንተ ደፍረህ እንዳትደግመው፣ በእማሆይ አጥንት ይዤሃለሁ። በራስህ ላይ እንዳትሞክረው።

የታዘዘልህን ጋባፔንቲን ሰዓቱን ጠብቀህ ዋጥ፤ አልረዳኝም ብለህ ድንገት እንዳታቋርጥ፣ መጠኑ ይታይልኝ ብለህ ለሐኪምህ ንገረው እንጂ። ይህንንም የብልቃጡን ሐሳብ ሳትደብቅ ንገረው፤ አያሳፍርም። ማታ ማታ ብቻህን ላብራቶሪ አትግባ፤ ብልቃጡም በጓደኛህ ቁልፍ ሥር ይሁን። ጓንት ሳታደርግ ምንም አትንካ። በርበሬና ሽሮ በምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ። አብሮ ያለው ለስላሳ የፈትል ጋቢ የማርያም ሰፈሯ ሴትዮ ለአንተ ብላ የፈተለችው ነው፤ ጎንህን ስለማይከረክርህ ስትተኛ እርሱን ልበስ።

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ደውልልኝ። ካሜራውን ክፈት፤ ሸሚዝህን ገልጠህ ጎንህን አሳየኝ፣ ከዚያ ዓይኔን እያየህ «አልሞከርኩም» በለኝ።

እናትህ