ጄኔራል ሆኜልሻለሁ

አንቺዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

"የበላሽ ጅብ አልጮኸም" ብለሽ የጻፍሽልኝን አይቼዋለሁ። ዛሬ ነገ ስል ነው፣ ይቅር በይኝ። ደግሞ ጉዳይ ሲገጥመኝ ነው የምመጣው፤ ታውቂኝ የለ።

ጄኔራል ሆኜልሻለሁ። አትሳቂ! እዚህ ፓሪስ የሰፈራችን አማተር የዘፈን ቡድን የሙዚቃ ደራሲውን የኦፈንባክን አስቂኝ ኦፔራ፣ "የጌሮልስታይን ታላቋ ዱቼስ"ን ሊያሳይ ነው። ወንድ አነሰና "ያንቺ ድምፅ ወፍራም ነው" ብለው ጄኔራል ቡምን አሸከሙኝ። ሰውዬው ሱረት አይበቃውም። ሽጉጡን ወደ ላይ ይተኩስና አፈሙዙን አፍንጫው ሥር ይዞ ጭሱን ይስባል።

ዱቼሷ፣ የግዛቷ ገዥ ማለት ነው፣ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፣ ደብሯታል። ሹሞቿ እንድትዝናና ብለው ጦርነት ያውጁላታል። ሰልፍ ስትጎበኝ አንድ ተራ ወታደር ዓይኗ ይገባል። እዚያው እንደቆመ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ትደርብለታለች፤ በመጨረሻ የኔን ቦታ! የአባቷን ጎራዴም ታስታጥቀዋለች። ልጁ ጠላትን በመጠጥ አስክሮ ያሸንፋል። ፍቅሯን እምቢ ሲላት ግን ሹመቱ ሁሉ ይገፈፋል።

ይሄ የታየው እ.ኤ.አ. በ1867 ነው፤ ፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሦስተኛው ናፖሊዮን አየው፣ የሩሲያው ዛር አየው፣ የፕሩሲያው ቢስማርክም አየው። ሳንሱሩ ግን ነገር ገባው። ዱቼሷ የእውነተኛ ቤተ መንግሥት ሰው እንዳትመስል የሌለ ግዛት ስም ተለጠፈባት። ዱቼሷን የምትጫወተው ኦርታንስ ሽናይደርም የኒሻን ሪባን እንዳታደርግ ተከለከለች። ጦር ሠራዊቱ ሁሉ ሲቀለድበት አለፈ፤ ሪባኑ ተያዘ! እኔ በዚህ ነው የሞትኩት።

በሦስት ዓመቱ ፈረንሳይና የጀርመኖቹ ፕሩሲያ እውነተኛውን ጦርነት ገጠሙ፤ ናፖሊዮንም ሴዳን ላይ ተማረከ። ከዚያማ በጦር መቀለድ አላስቅ አለ፣ ቲያትሩ ፈረንሳይ ውስጥ ታገደ። ኦፈንባክ ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ስለተወለደ ፈረንሳዮቹ ጀርመን፣ ጀርመኖቹ ከዳተኛ አሉት።

አሁን የኔን ጣጣ ስሚ። ሰው አይስቅልኝም። ዓይኔን አፈጣለሁ፣ ሆዴን እነፋለሁ፣ ወፍ የለም። አዘጋጇ "ለማሳቅ አትሞክሪ፤ የምርሽን ጄኔራል ሁኚ" ትለኛለች። ይሄን ስትል ማን ትዝ አለኝ? አንቺ፣ ያንን ሰውዬ ስታስመስዪ! እጅሽን ወደ ኋላ አጣምረሽ፣ አገጭሽን ቀና አድርገሽ፣ በትምህርት ቤት ሰልፋችን መሀል እየተንጎራደድሽ። እኛ እንንከባለላለን፣ አንቺ ጥርስሽ አይታይም። እንዴት ነበር የምታደርጊው? የምሬን ነው።

ደግሞ፣ እንዴት እንደምልሽ... ፈረንሳይኛዬን ፈርቻለሁ። "ር" ላይ ስደርስ ጉሮሮዬ ይያዛል። ሰው ቢስቅ እንኳ በቡም ይሁን በኔ በምን አውቃለሁ? ይሄን ለማንም አትንገሪ፣ በተለይ ለእህቴ።

እና እባክሽ፣ የዚያን ሰውዬ አረማመድ በስልክሽ ቀርጸሽ ላኪልኝ። ሲቆጣ መነጽሩን የሚያወልቅበትንም ጨምሪበት። እማማ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውስ? መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ ይሄን ነበር፣ አውቃለሁ፤ ሳሚልኝ። ቪዲዮው ግን ከእሑዱ ልምምድ በፊት ይድረሰኝ።