ስለላክኸው ቪዲዮ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ማክሰኞ ማታ በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን «አሁን ደሴ፣ ሸዋ በር» ብለህ የላክኸውን ቪዲዮ አየሁት። ወጣቶች ይሮጣሉ፣ ጎማ ይቃጠላል፣ አቧራ ይጨሳል። እዚህ ግን ከሰኞ ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ሞልቶት ነበር። አቧራው ከየት መጣ? አክስትህ ይህን ለማስተዋል ጊዜ አልነበራትም። ሱቋን ዘግታ ከመድረሳ ያልተመለሱ ልጆቿን ፍለጋ በዝናብ ወጣች።

ወሬ አታድርስ ማለቴ አይደለም፤ የታፈነ ሕዝብ ድምፁን የሚያሰማበት መንገድ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2003 ዓ.ም. በቱኒዚያዋ ሲዲ ቡዚድ መሐመድ ቡአዚዚ የተባለ አትክልትና ፍራፍሬ ሻጭ ዕቃው ቢወረስበት በራሱ ላይ እሳት ለኮሰ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነገሩን ሊያዳፍኑት ሞከሩ። ዘመዶቹ ግን ተቃውሞውን በስልክ ቀርጸው ፌስቡክ ላይ ጫኑት፤ አልጀዚራ ከዚያ ወስዶ አሳየው፤ ፌስቡክ የሌለውም በቴሌቪዥን አየው። የቱኒዚያው ፕሬዚዳንት ቤን ዓሊ ጥር 6 ቀን አገር ጥሎ ሸሸ። ያ ምስል ጉልበት ያገኘው ቦታው፣ ቀኑና የቀረጸው ሰው ስለሚታወቁ ነው ብዬ አምናለሁ። በግብፅ ደግሞ ጥር 20 ሲነጋ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የካይሮን ታህሪር አደባባይ ሞላው።

በዚያው ዓመት ግን «አሚና» የተባለች፣ በሶርያዋ ደማስቆ ሆና በኢንተርኔት የምትጽፍ ሴት ታፈነች ተብሎ ዓለም ተጨነቀላት። ኋላ ሲጣራ አሚና የምትባል ሴት አልነበረችም፤ ጽሑፉ ስኮትላንድ ውስጥ የሚማር አሜሪካዊ ወንድ ፈጠራ ነበር። በእውነት የታሰሩት ሶርያውያን ስንት ነበሩ! ለእነሱ የሚገባው ጩኸት ለሌለች ሴት ዋለ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

አንተም ታውቀዋለህ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ተቋርጦ ስለ እኛ የምትሰማው የፌስቡክ ወሬ ብቻ ነበር። ሰፈራችን እንዳለ ወድሟል የሚለውን አንብበህ ሌሊቱን ስታለቅስ እንዳደርህ ነግረኸኛል።

ስለ ደሴ ወሬ ሲደርስህ መጀመሪያ ለእኔ ደውል፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ። የሌላ ከተማ ከሆነ እዚያው ያለ ሰው ጠይቅ። አሁን ቪዲዮውን ከቡድኑ አጥፋው፤ ለላክህላቸው ጓደኞችህም የደሴ እንዳልሆነ ለየአንዳንዳቸው ጻፍላቸው። ለአክስትህም ዛሬውኑ ደውልላት።

የምትወድህ እናትህ፣
ከደሴ