«የምደብቀው የለኝም» ላልሽኝ ልጄ

እናቴ እንዴት ነሽ፣ ትምህርቱስ? ባለፈው በስልክ «እኔ የምደብቀው የለኝም፣ ቢሰልሉኝስ ምን ያገኛሉ» ስትዪኝ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ዝም አልኩ እንጂ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ስልክሽ ውስጥ እኮ ያለሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። አክስትሽ ከጎንደር የምትልክልሽ ቮይስ፣ የአጎትሽ ልጅ ተናዶ ስለ ፖለቲካ የጻፈልሽ፣ የሁሉም ቁጥር፣ ፎቶ፣ ምኑ ቅጡ። አንቺን አሜሪካ ማንም አይነካሽ ይሆናል፣ ዳፋው ግን ለነሱ ነው የሚተርፈው።

እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ሐበሻ ነበር፣ የአሜሪካ ዜጋ ነው፣ ለቤተሰቡ ፈርቶ ፍርድ ቤትም የቀረበው «ኪዳኔ» በሚል ስም ነው። በኢሜይል የመጣለትን የወርድ ፋይል ሲከፍት ፊንስፓይ የሚባል የስለላ ሶፍትዌር ገባበት፣ ከዛ በቃ በፈረንጆቹ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የስካይፕ ወሬው ሁሉ ሲቀዳ ነበር፣ ኮምፒውተሩ የቤተሰብ ስለሆነ ደሞ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ልጁ ለትምህርት ቤት ሥራ ኢንተርኔት ላይ የፈለገው ሳይቀር። ሰውዬው ምን አደረገ? በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት በዚህ አይከሰስም ብሎ ዘጋው። ሰው በገዛ ቤቱ ተሰልሎ አቤት የሚልበት ሲያጣ አስቢው፣ እኔን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሕግ አለ እንዳትዪኝ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት አይደፈርም ይላል፣ ያኔም ይል ነበር። አሁን ደሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 በ2016 ዓ.ም. ወጥቷል፣ ደስ ይላል፣ ሥራ ላይ ሲውል ማየት ነው።

እስከዛው ፋይል ሲመጣልሽ የምታውቂው ሰው እንኳን ቢሆን ደውለሽ «አንተ ነህ የላክኸው?» በዪ። አፕዴት የስልክሽ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ቶሎ አድርጊ፣ በሊንክ የሚመጣውን ግን እንዳትነኪ፣ ውጭ ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶችን ያጠመዷቸው በውሸት የፍላሽ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) አፕዴት ነው፣ ሲትዝን ላብ የሚባለው የካናዳ የጥናት ተቋም በፈረንጆቹ 2017 አውጥቶታል። ዋትሳፕሽ ላይም ሊንክድ ዲቫይስስ የሚለውን (ዋትሳፕሽ የተከፈተባቸውን ሌሎች ኮምፒውተሮችና ስልኮች ያሳይሻል) እዪና የማታውቂው ካለ አስወጪው።

የአጎትሽን ልጅ ቮይስ ደሞ ሳትጠይቂው ለማንም ፎርዋርድ አታድርጊ፣ እሱ እዛው ኢትዮጵያ ነው ያለው። እማዬ ሰላም ብላሻለች።

አባትሽ